ቁርስሽን በልተሽ ጠብቂኝ

«ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ቁርስሽን በልተሽ ጠብቂኝ።» ይኸው ነው፤ ሰላምታ የለ፣ እማዬ እንዴት ዋለች የለ፣ ታላቅ እህቴ እቴቴ እንደሁ ድሮም ቃል በልክ ነው የምታወጣው፣ ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ትርፍ ጨርቅ አትወድም። መልእክቱ ሲገባ ካሮት እየፈቀፈቅኩ ነበር፣ በሰው አገር ተቀጥሬ ለማስታምማቸው አሮጊት የነገ ቁርስ፣ አንብቤው ስልኩን በአፉ ደፋሁትና መፈቅፈቄን ቀጠልኩ፣ ካሮቱ አልቆ ጣቴን እስክልጥ ድረስ ቀጠልኩ፣ ከዚያ ደሙን አጥቤ እንደገና አነበብኩት። ቁርስሽን በልተሽ። አሁን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ ጣቴ በፕላስተር ታስሯል፣ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ጠርሙስ አጃ ተቀምጧል፣ አንዱ የአሮጊቷ፣ አንዱ የኔ፣ እኔ ደግሞ ከኩሽናው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የፍሪጁን ሞተር እሰማለሁ። ይነሳል፣ ይተኛል። እሱስ ታድሎ ይተኛል።

ሌላ ሰው ቢያየው ምን አለበት ይላል፣ እህት እህቷን ብዪ ብትል ደግ ነገር ነው ይላል። እኛ ቤት ግን ሕግ አለ፣ የእማዬ ሕግ፤ መጀመሪያ እህል፣ ከዚያ ወሬ። ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ አይሰማም ትላለች፣ ሰው በጉልበቱ ነው የሚያለቅሰው ትላለች። ሰባተኛ ክፍል ነኝ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ በር ላይ ቆማለች፣ በር ላይ ቆማ ጠብቃኝ አታውቅም፣ «ነይ ምሳሽን ብዪ» ትለኛለች፣ «አልራበኝም»፣ «ብዪ አልኩሽ!» ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፣ እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይኗ ትሸኛለች፣ ጨው አንሶታል ብዬ እነጫነጫለሁ፣ ተነስታ ጨው ታመጣልኛለች፣ እማዬ ጨው አምጪ ሲሏት ተነስታ የምታመጣ ሴት አልነበረችም። ሳህኔን ጠርጌ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ እጄን እስክታጠብ ጠበቀችና «አባትሽ አርፏል» አለችኝ። አባዬ ያረፈው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። እኔ ጨው አንሷል ስል እሱ ከሞተ ግማሽ ቀን ሊሆነው ነው። ከዚያ በኋላ ታናሽ ወንድሜ መኪና ሲገለብጥም እንዲሁ፣ አክስቴ ስትሞትም እንዲሁ፤ ጎረቤት «በላሽ?» ሲል ሰላምታ ነው፣ ከኛ ቤት ሰው አንዱ «በልተሽ ጠብቂኝ» ካለ ግን ሌላ ነው። እቴቴ ይህን ታውቃለች። እንደማውቅም ታውቃለች። ታዲያ ምን ታድርግ፣ እሷም እንደኔ በዚያው ሕግ ያደገች ናት።

አጃን እኔ የማውቀው ለበሽተኛ ነው። ይህን ቤት ስገባ የአሮጊቷ ልጅ፣ ፋርማሲስቷ፣ የፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ለጥፋ ጠበቀችኝ፤ አጃ ግማሽ ኩባያ፣ ወተት ግማሽ ኩባያ፣ እርጎ ሁለት ማንኪያ፣ ተልባ የምትመስል ጥቁር ፍሬ አንድ ማንኪያ፣ እሳት አያስፈልግም፣ ክደኚውና ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ይደር! ሊጥ ሲያድር አውቃለሁ፣ እንግዳ ሲያድር አውቃለሁ፣ ቁርስ ሲያድር ግን ያየሁት እዚህ ቤት ነው። ከሥሩ ደግሞ ለየቀኑ ስም ተጽፏል፣ ሰኞ የቸኮሌት ኬክ፣ ማክሰኞ የፖም ኬክ፣ ሐሙስ የካሮት ኬክ፣ ካካዎው ይህን ያህል፣ ቀረፋው ይህን ያህል፣ ዘቢቡ አሥር ፍሬ። አሥር! ማን ሊቆጥረው፣ አልኩ በልቤ፣ ኋላ ግን ቆጣሪ ሆኜ አረፍኩት። «እናቴ ጣፋጭ ካልሆነ አፏን አትከፍትም» አለችኝ ፋርማሲስቷ፣ «አደራሽን፣ አጃ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ፣ ኬክ ነው በያት።» እኔም ለራሴ እማማ ኬክ ብዬ ስም አወጣሁላቸው። በየጠዋቱ ያው ጭቅጭቅ ነው። «ዛሬ ምን ኬክ አለ?» «የካሮት ነው እማማ።» «የምድጃ ሽታ አልሸተተኝም እኮ።» «ሌሊት ነው የጋገርኩት፣ ተኝተው ነበር።» «ታዲያ ለምን ቀዘቀዘ?» «እርስዎን ሲጠብቅ ነዋ!» ይስቃሉ፣ ሦስት ማንኪያ ይበላሉ፣ አፋቸውን ይዘጋሉ፣ በቃ፣ ያንን አፍ ከዚያ ወዲያ በመፍቻም አትከፍተውም። ስልኬ ላይ ፋርማሲስቷ የጫነችው አፕ አለ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ከአራቱ አንዱን እጫናለሁ፤ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ እምቢ። በስምንት ወር ውስጥ «ሙሉ» የሚለውን ነክቼው አላውቅም።

እማዬን ግማሽ ጎኗን የመታት ከአራት ወር በፊት ነው። ሐኪሙ ለስላሳ ነገር ብቻ ትብላ አለ፣ እሷ ደግሞ ለስላሳ ነገር ሁሉ ጠላች፣ «ጥርስ እንደሌለው ሕፃን አደረጋችሁኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፣ እቴቴ ሳህን ይዛ አልጋውን ትዞራለች፣ እማዬ ወደዚያኛው ግድግዳ ትዞራለች። አንድ ቀን እቴቴ በስልክ አለቀሰችብኝ። እቴቴ! ባሏ ጥሏት ሲሄድ የስፌት መኪናዋን ዘይት ስትቀባ የነበረች ሴት አለቀሰች። እኔ ከዚህ ሆኜ ምን አቅም አለኝ፣ ከአፌ በቀር ምን አለኝ፣ ተነስቼ የፍሪጁን በር ወረቀት አነበብኩላት። «ጥሬ አጃ ለበሽተኛ? አብደሻል?» «ካደረ ይለሰልሳል እቴቴ።» «ስንት ሰዓት?» «ሌሊቱን በሙሉ።» «ችኩሏ! አንቺ ነሽ ደግሞ ጠብቂ የምትይኝ?» ችኩሏ የቤት ስሜ ነው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያሉ ነው ያሳደጉኝ፣ ለሁለት ዓመት ብዬ ተቻኩዬ ወጥቼ ይኸው ስድስተኛዬን ይዣለሁ፣ አሁንም እየለቀምኩ ነው። የመጀመሪያውን ቀን እቴቴ አላመነችኝም፣ የፈላ ውሃ ጨመረችበትና ማጣበቂያ አወጣችው፣ «በዚህ ግድግዳ ወረቀት ይለጠፋል» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ሰማችኝ። ፍሪጃቸው ተበላሽቷል፣ ጠርሙሱን ቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ አሳደረችው፣ በጥቁሯ ፍሬ ፈንታ ተልባ፣ ሙዝ ደፍጥጣ፣ ካካዎ ነስንሳ። እማዬ ቀመሰችው። «ምንድን ነው ይሄ?» «ኬክ ነው እማዬ፣ ልጅሽ ናት ያዘዘችልሽ።» «ኬክ እንዲህ ውሃ ነው እንዴ?» «የውጭ ኬክ ነው።» አሰበች፣ «የውጭ ሰው ጥርስ የለውም ማለት ነው» አለችና አፏን ከፈተች። ይህን እቴቴ ስትነግረኝ አሮጊቷ ተኝተው ስለነበር ሳቄን በትራስ አፈንኩት። ልጆች ሳለን ስኳር ለእንግዳ ነው ብላ የምትቆልፍብን ሴት፣ ሌሊት ተነስታ ራሷ በጣቷ ስትልስ ያየኋት ሴት፣ ጣፋጭ እንደምትወድ ማን ከኔ በላይ ያውቃል።

ግን ብቻዬን አልበላም አለች። «እሷም ትብላ፣ እያየኋት።» እሺ፣ በቪዲዮ ይሁን ተባለ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ አሮጊቷ ሳይነሱ፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ጠርሙሴን እከፍታለሁ፣ እማዬ በወዲያኛው በደህናው በግራ እጇ ማንኪያ ትይዛለች። «አንድ አንቺ፣ አንድ እኔ።» አንድ እሷ፣ አንድ እኔ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹ አንገቷ ላይ ይቀራል፣ እቴቴ በፎጣ ልታብስ ስትጠጋ ትገላምጣታለች፣ «ተይኝ፣ ከልጄ ጋር እየበላሁ ነው።» ሦስት ሳምንት እንዲህ በላች። ጉንጯ ትንሽ ሞላ፣ እቴቴ ራሷ አለች፣ እኔ አላልኩም። እና እኔ ምን አደረግኩ? እኔ ችኩሏ፣ አንሶላ ይጠብቀኛል፣ የአሮጊቷ መድኃኒት ይጠብቀኛል፣ ከአራተኛው ማንኪያ በኋላ ጠርሙሱን ከስልኩ ዝቅ አድርጌ ባዶ ማንኪያ ወደ አፌ እወስዳለሁ፣ አላምጣለሁ፣ እውጣለሁ፣ እጄ ደግሞ በሥሩ ኪኒን ይቆጥራል። ጎበዝ ተዋናይ ነበርኩ። ባለፈው እሑድ እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠችና አፍጥጣ አየችኝ። «ባዶ ማንኪያ አትጉረሺ» አለችኝ፣ «አያለሁ።» ሳቅኩ፣ አይ እማዬ ስልኩ ነው አልኩ፣ መስመሩ ነው አልኩ። በስልክ መስመር አሳበብኩ፣ አፈር ልብላ! ከዚያ በኋላ ከሷ የሰማሁት ነገር የለም፣ ይቺ ናት የመጨረሻዋ።

ሰኞ ጠዋት አሮጊቷ መታጠቢያ ቤት ወደቁ። እግዜር ይመስገን አጥንት አልተሰበረም፣ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ እርጥቡ ወለል ላይ አቅፌያቸው ተቀምጫለሁ፣ እሳቸው የልጃቸውን ስም ይጠራሉ፣ እኔ ኩሽና ውስጥ ስልኬ የስኳር ዕቃውን እየነቀነቀ ሲጮህ እሰማለሁ። ይጮሃል፣ ያቆማል፣ ይጮሃል። ልተዋቸው? የሰው እናት መሬት ጥዬ የኔን ላብላ? ስደርስ አሥራ አንድ ጊዜ ተደውሏል። መልሼ ስደውል እቴቴ «ጠበቀችሽ፣ ጠበቀችሽ፣ ተኛች» አለችኝ። «ማንኪያዋን እንደያዘች ነው የተኛችው።» ማክሰኞ ደወልኩ፣ «ተኝታለች።» «በላች?» «ተኝታለች አልኩሽ እኮ።» ረቡዕ፣ ዛሬ ጠዋት ማለት ነው፣ ወይ ትናንት ሆኗል መሰለኝ፣ «ሐኪም ቤት ነን፣ እዚህ ስልክ አይፈቀድም» አለችና ዘጋችው። ካሜራውን ክፈቺልኝ፣ ሩቅ ሆኜ ልያት፣ ስትተነፍስ ልያት አልኩ፤ እምቢ አላለችኝም፣ እሺም አላለችኝም። ያ አፕ እቴቴ ጋ ቢኖር ምን ትጫን ነበር? ከአራቱ የትኛውን? ሩብ ብትጫን ምን ነበረበት፣ እኔ እኮ በሩብ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ።

መልእክቱ ከገባ ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ ደውያለሁ። የእቴቴ ስልክ ተዘግቷል። እኩለ ሌሊት ላይ ወንድሜ አነሳው፣ ሹፌሩ። «እየነዳሁ ነው፣ አሁን ማውራት አልችልም።» «ሞተሩ የታለ? ሞተር አልሰማም።» «ቆሜ ነው።» «እየነዳህ ነው ወይስ ቆመህ ነው?» ከኋላው ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ሌላ ወንበር፣ ሌላ ወንበር። ቤታችን ያለው አራት ወንበር ነው፣ እኔ ስድስት ቆጠርኩ። «የማን ወንበር ነው?» አልኩት። «እህቴ» አለኝ ወንድሜ፣ ድምፁ እንደ ልጅነቱ ቀጥኖ፣ «እቴቴ ጠዋት ትደውልልሽ የለ? በናትሽ እኔን አትጠይቂኝ።» በናትሽ ከአፉ እንደወጣ ደነገጠ፣ ሲደነግጥ ሰማሁት፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ጎረቤት ሁለት ወንበር ቢያውስ ምን ይገርማል፣ እላለሁ፣ ሰው ሊጠይቃት መጥቶ ይሆናል፣ በሽተኛ ይጠየቃል፣ ከሐኪም ቤት ወጥታ ይሆናል፣ እንኳን ማረሽ ሊሏት መጥተው ይሆናል፣ እኩለ ሌሊት ላይ። እንኳን ማረሽ በእኩለ ሌሊት! ራሴን እንኳ በቅጡ መዋሸት አቃተኝ።

ልሂድ ብልስ በምን እሄዳለሁ። ፓስፖርቴ የመኖሪያ ወረቀት ማደሻው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባለፈው ወር፣ እማዬ እህል እምቢ ያለች ሰሞን ሄጃለሁ፣ ከመስታወቱ ቀዳዳ ኋላ የተቀመጠች ልጅ «ቀጠሮ አለሽ?» አለችኝ፣ «እናቴ ታማለች»፣ «ቀጠሮ በኢንተርኔት ነው የሚያዘው»፣ «እናቴ ታማለች እኮ ነው የምልሽ»፣ «ገብቶኛል እህት፣ ቀጠሮው ግን በኢንተርኔት ነው።» ክፉ ልጅ አልነበረችም፣ ዓይኗ ያዝናል፣ እጇ ግን ወደ ቀጣዩ ሰው እያመለከተ ነው። በኢንተርኔት ገባሁ፣ የመጣሽበትን ምክንያት ምረጪ ይላል፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ጋብቻ፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ነካሁ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ቀጠረኝ። ፓስፖርቱን ሳልይዝ ብወጣ መመለሻ የለኝም፣ ካልተመለስኩ የእማዬን መድኃኒት ማን ይገዛል፣ እያልኩ ተቀመጥኩ። ሰበብ ነው? እውነት ነው? ሁለቱም ነው መሰለኝ፣ እናም ማንንም ልቆጣ አልችልም፣ የምቆጣው ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት። ተነስቼ ፍሪጁን ከፈትኩት። የአሮጊቷ ጠርሙስ ላይ የካሮት ኬክ የሚል ወረቀት አለ፣ የኔ ላይ ምንም የለም። የኔን ከፍቼ በማንኪያ ነካ አደረግኩት፣ አጃው ገና ጠንካራ ነው፣ ወተቱ ላይ ይዋኛል፣ ገና ሊያድር ነው። ክደኚው አልኩ ለራሴ፣ አትቸኩዪ። እና ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ፣ ሞኝ ነገር፣ ግን ከማታ ጀምሮ ልቤ ትንሽ ያረፈው በሱ ብቻ ነው፤ ካልበላሁ አትነግረኝም። እቴቴ ሕጉን አታፈርስም፣ ሕጉ የእማዬ ነው፣ መጀመሪያ እህል ከዚያ ወሬ፣ እህሉ ካልገባ ወሬው የት ይገባል? እኔ እስካልበላሁ ድረስ እማዬ ተኝታለች። ፍሪጁን ዘጋሁትና በሩ ላይ ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አቤት ስታታልዪ፣ አልኩ፣ አሮጊቷን ኬክ ነው ብለሽ፣ እማዬን ባዶ ማንኪያ ጎርሰሽ፣ አሁን ደግሞ እግዜርን ልታታልዪ። እቴቴስ ተኝታለች ስትለኝ ከኔው የተማረችው አይደል? ኬክ ነው በያት ያልኳት እኔ አይደለሁ? ሞተሩ ከኋላዬ ተነሳ፣ ጀርባዬን እየነዘረ ቆየ፣ ተኛ።

ነግቷል። አሮጊቷ ዛሬ ቀድመው ነቁ፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ራሳቸው እየገፉ ኩሽና መጡ፣ ከወደቁ ወዲህ ጉንጫቸው ላይ ሰማያዊ ነገር አለ። «ዛሬ ምን ኬክ አለ?» «የካሮት።» ጠርሙሱን ከፈትኩላቸው፣ ማር የገባበት ለስላሳ አይብ ከላይ አደረግኩላቸው። ለምን ቀዘቀዘ አላሉኝም። ፊቴን አዩት መሰለኝ ዝም ብለው መብላት ጀመሩ፣ ሦስት ማንኪያ፣ አራት፣ አምስት፣ አፋቸውን አልዘጉም፣ ዘቢቡን እያላመጡ ስድስት፣ ሰባት፣ ጠርሙሱን አዘንብለው ግድግዳውን ጠረጉት። «አየሽ?» አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን ሊያስደስቱ የበሉ ይመስል። ስልኬን አንስቼ ሙሉ የሚለውን ተጫንኩ። ሙሉ። ለሰው እናት። እጄ ላይ እያለ ጮኸ።

«ሃሎ።» «እህቴ» አለችኝ እቴቴ። ችኩሏ አላለችኝም። ድምፅዋ ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ ይመስላል፣ አንዲት ጠብታ አልቀረበትም። «በላሽ?» «አይ፣ ገና።» ከኋላዋ ብዙ ሰው ዝም ማለቱ ይሰማል። «እማዬስ በላች?» አልኳት። «አንቺ መጀመሪያ ብዪ።» «ካሜራውን ክፈቺልኝ።» «ብዪ፣ የኔ እናት፣ እጠብቅሻለሁ፣ አልዘጋም።» የኔ እናት ብላኝ አታውቅም። አልበላም ልላት ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነበር፣ ግን ስትተነፍስ ሰማኋት፣ ስንት ቀን ይዛው እንደቆየች ሰማሁ፣ ብቻዋን ይዛዋለች፣ ከኔ ሌላ ማን ይቀበላታል? ጠርሙሴን ከፍሪጅ አወጣሁ። ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደገፍኩት፣ ምስል የለውም፣ ጥቁር ነው። አንድ ማንኪያ። በደንብ አድሯል፣ ለስልሷል፣ ካሮቱ ጣፍጧል፣ ምነው ባይጣፍጥ። ሁለት። «እየበላሽ ነው?» «እየበላሁ ነው።» ሦስት፣ አራት። አራተኛው ላይ እጄ በልማዱ ጠርሙሱን ዝቅ ሊያደርግ ነበር፣ መለስኩት። አምስት። አሮጊቷ ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው ያዩኛል። «ኬክ እየበሉ አይለቀስም» አሉኝ በዝግታ፣ «ምን ሆነ? አልጣፈጠሽም?» «ቀዝቅዞብኝ ነው እማማ።» «ለምን ቀዘቀዘ?» «እኔን ሲጠብቅ።» ዘቢቦቹን አንድ በአንድ በላሁ፣ አሥር ናቸው፣ እየቆጠርኩ። ሥሩ ላይ የቀረውን ጠረግኩ፣ ግድግዳውን ጠረግኩ፣ ማንኪያው ብርጭቆውን ሲፍቅ እቴቴ ሰማች።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ገና ነኝ» አልኳት። ባዶውን ማንኪያ ጎረስኩ፣ አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። ማንም አልተቆጣኝም።